ዳኛው በዝቶ ችሎቱ ጠፋ

ወገኖች፣ ነገሩን ከደም እንጀምረው።

በቆቦ ቆላ፣ ከዞብል ተራራ ግርጌ እስከ ጎሊና ወንዝ ባለው የማሽላ አገር፣ ሰው ሰውን ቢገድል ነገሩ በመንግሥት ፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። ገዳይ ተይዞ፣ ተፈርዶበት፣ የእስር ዘመኑን ጨርሶ ቢወጣ እንኳ ደሙ አልደረቀም፤ የሟች ወንድም መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ይህን ደም የሚያደርቀው ሌላ ችሎት ነው፤ ዘወልድ ይሉታል። ጎረቤታችን ጉባ ላፍቶ አባጋር ብሎ የሚጠራውም የዚሁ ወንድም ነው። በዘወልድ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የአንድ ሃይማኖት ሰዎች አይደሉም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ገዳይና ሟችም፣ አማላጅና ዋስም ከሁለቱም ወገን ናቸውና። ራያ ውስጥ አንዱ ቤት መስቀል፣ የአጎቱ ልጅ ቤት መስገጃ መኖሩ ወሬ አይሆንም። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ዘመዶቹ ከብቱን ለይቶ፣ አራጁንም ከእነሱው ጠርቶ፣ ድስቱን ሳይቀር ለብቻ ያስረክባል። «ምነው ተለያያችሁ?» የሚል የለም፤ ነገሩ አብሮ ለመብላት የተበጀ ዘዴ ነዋ።

ይህ ችሎት እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉልኝ። ሽማግሌው ወደ ሟች ቤት ይሄዳል፤ እንቢ ይባላል፤ ይመለሳል። ሌላ ቀን ደግሞ ይሄዳል። የገዳይን ቃል በቀጥታም ሆነ በአማላጅ ይሰማል፦ ለምን ሆነ? ማን ነበረ? ጠቡ የመሬት ነው፣ የውኃ ነው፣ ወይስ ከአያት የወረደ ቂም? የሟችንም ወገን ይሰማል። ካሣው ይቆረጣል፣ መሐላው ይፈጸማል፣ ሁለቱ ወገን አብረው ይበላሉ። ከዚያ ወዲያ ያንን ደም የሚያነሣ ሰው ነውረኛ ነው።

ዘወልድ ፍጹም ነው ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም። እኔ የዚያው ቆላ ልጅ ነኝ፤ ጉድለቱን አውቃለሁ። በዚያ ጥላ ሥር የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው፤ የሴት ቃል ሲደርስም ብዙ ጊዜ በወንድሟ ወይም በአባቷ አፍ ነው። ይህ ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። የኔ ነገር ግን ይኸ ነው፦ እዚያ አገር ሰው ገድሎ እጁ በደም የተነከረ ሰው እንኳ ቃሉ ሳይሰማ አይፈረድበትም። የሚፈርድበትም ሰው ስሙ የታወቀ፣ ነገ ከተፈረደበት ሰው ጋር እዚያው ገበያ የሚውል፣ ፍርዱ ቢጣመም በልጅ ልጁ የሚወቀስ ሰው ነው። ደግሞም ፍርዱ መጨረሻ አለው።

አሁን ወደ እኛ ችሎት ኑ። ማታ ከራት በኋላ፣ ዶርም ውስጥ፣ የታችኛው አልጋ አግዳሚ ወንበር ሆኖ የሚሰየመውን ማለቴ ነው። የመጀመሪያው መዝገብ የአንድ ዘፋኝ ነው። ቃለ ምልልስ ላይ እግዚአብሔርን አመሰገነ አሉ፤ በሳምንቱ ደግሞ መድረክ ላይ ወጣ። «ያሾፋል!» ተባለና መዝገቡ ተዘጋ። ሁለተኛዋ ተዋናይት ናት፤ አንገቷ ላይ መስቀል አለ፣ ቀሚሷ ግን አጠረ። «ወይ መስቀሉን ወይ ቀሚሱን!» ሦስተኛው ሙስሊም ድምፃዊ ነው፤ ረመዳን ሲገባ ዘፈን ያቆማል፣ ኢድ ሲያልፍ ይመለሳል። እሱም በአንድ ቃል ተሰናበተ። ዝነኞቹ ሲያልቁ (ዝነኛም ያልቃል፣ አገሩ ድሃ ነው) ችሎቱ ሥራ አይፈታም፤ ወደ ጎረቤት ክፍል ይዞራል። እገሌ በጾም ማኪያቶ ሲጠጣ ታይቷል። እገሊት ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ያኛው እሁድ ሌላ ጉባኤ ሄዶ አጨብጭቧል። ያቺ ከማን ጋር ነበር ላይብረሪ የምታጠናው? እንዲህ እያለ ዝነኛ ላይ የተለማመደው ምላስ ጓደኛ ላይ ይሠራል።

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ «ዝነኛ ላይ ብንፈርድ ምን ይጎዳል? አይሰማን፣ አያውቀን» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ዘፋኙ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ የኛን አልጋ ፍርድ አይሰማም። ጉዳቱ እሱ ላይ መች ሆነና! ጉዳቱ እኛ ላይ ነው። የተከሳሹን ፊት ሳያዩ መፍረድ የሚለመደው በዚያ ነው። ዝነኛ ማለት ፊቱን ሺህ ጊዜ ያየነው፣ እሱ ግን አንዴም ያላየን ሰው ነው፤ ስለዚህ ለመለማመጃ ይመቻል። እጅ ከተፈታ በኋላ የክፍል ጓደኛንም በዚያው መልክ ማየት ይመጣል፤ ስሟ የሚጠራ፣ ፊቷ የሚታወቅ፣ ቃሏ ግን የማይጠየቅ።

ለፍርዱ የምንጠቀምባቸውን ቃላት ደግሞ እዩ። መናፍቅ። ሙናፊቅ። ቋንቋ አጥኚዎች የዐረብኛው ሙናፊቅ ከግእዙ የተወሰደ ሳይሆን እንዳልቀረ ይናገራሉ። እንግዲህ ሁለቱ ሃይማኖቶች በዚህ ምድር ከተዋዋሷቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሆነና፣ ዛሬ በየፊናችን ወንድማችንን እንወጋበታለን። ተሐድሶ፣ ሙብተዲእ፣ ሥጋዊ፣ ለብ ያለ... ዝርዝሩ ረጅም ነው። አንድ ቃል ከተለጠፈ በኋላ ሰውየው ምን እንደሚያምን የሚጠይቀው ጠፋ፤ ቃሉ ራሱ መልስ ሆነ።

መጽሐፍ እንጥቀስ ለሚሉት ደግሞ መጽሐፍ አለ። በዮሐንስ ወንጌል 7ኛው ምዕራፍ ኒቆዲሞስ የተባለው ፈሪሳዊ ባልደረቦቹን የሞገተው በዚሁ ጉዳይ ነበር፦ ሰውየውን ሳናዳምጥ መፍረድ ከየትኛው ሕጋችን ተገኘ? የተሰጠው መልስ ምን ነበር? የሕግ መልስ አላገኘም፤ አንተም የዚያ አገር ሰው ሳትሆን አትቀርም ብለው በትውልድ ቦታ አሽሟጠጡት። (የቆላ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን መልስ ያውቀዋል።) በእስልምናም በነቢዩ ባለቤት በአዒሻ ላይ ሐሜት በተነዛ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። የአን-ኑር ምዕራፍ የሚያዘው ነገር ለሐሜተኛ አስደንጋጭ ነው፤ ጨዋ ሴትን በዝሙት ከስሶ አራት ምስክር ያላቀረበ ሰው ራሱ 80 ጅራፍ ይገረፋል፣ ከዚያም ምስክርነቱ ተቀባይ የለውም። አያችሁ፣ ከሳሽም ዕዳ አለበት። በእኛ ዶርም ግን ከሳሽ ምንም ዕዳ የለበትም፤ ቢሳሳት እንኳ «ለሃይማኖቴ ቀንቼ ነው» ይልና ይተኛል።

ወሎ ይህን በሽታ ከብዙ አገር በፊት አውቆታል፤ ዋጋውንም ከፍሏል። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሲያስቀምጡ መጀመሪያ የተፈረደባቸው ሙስሊሞች አልነበሩም። ክርስቲያኖች ነበሩ። የክርስቶስን ልደት ቁጥር በተለየ መንገድ የሚያስተምሩ፣ ያንኑ መስቀል የሚሳለሙ፣ ያንኑ ቅዳሴ የሚቀድሱ መምህራን በዚያ ጉባኤ ተረቱ፤ እንቢ ያሉትም ተቀጡ። የሙስሊሙ ተራ ከዚያ ቀጠለ። ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፣ ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ እንደ ሸህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ እንቢ ብለው ተነሡ። ከሁለቱ መካከል የቀረው ብዙው ሕዝብ ቀን አንድ ስም፣ ማታ ሌላ ስም ይዞ መኖርን ተማረ። ቅደም ተከተሉን ነው እንድታዩልኝ የምፈልገው፤ የራሱን ወገን ሳይሰማ መቅጣት የጀመረ ጉባኤ፣ ሌላው ጋ ሲደርስ ልጓም የለውም።

የዚያው የሚካኤል ልጅ ነው ልጅ ኢያሱ። በዘመኑ ከእሱ የበለጠ ዝነኛ አገሩ ላይ አልነበረም፤ የምኒልክ የልጅ ልጅ፣ ወጣት፣ መልከ መልካም፣ በአንድ ቦታ የማይቀመጥ። እንደ ዛሬ ዝነኞች ስለ ልብሱ፣ ስለ ሚስቶቹ፣ ስለ ጥምጣሙ ይወራ ነበር። መስጊድ ገባ፣ ከሙስሊም ባላባት ልጅ አገባ፣ የሶማሌና የአፋር ልብስ ለበሰ ተባለ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ መኳንንቱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡና ክሱ ተነበበ፤ ለእሱ የገቡትንም መሐላ አቡነ ማቴዎስ ፈቱላቸው። ተከሳሹ የት ነበር? ሐረር! ፍርዱን የሰማው እንደ ማንኛውም ሰው በወሬ ነው።

ኢያሱ ሰልሞ ነበር ወይስ አልሰለመም? ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አንዱ ሃይማኖቱን ለወጠ ይላል፤ ሌላው ሁለቱን ሕዝብ በአንድ ዘውድ ሥር ለማኖር የሞከረ ወጣት ነበር ይላል፤ ሌላውም የሸዋ መኳንንት ሥልጣን ፈልገው ሃይማኖትን ምክንያት አደረጉት ይላል። አንድ ነገር ግን የማያከራክር ነው፦ ራሱን ቀርቦ እንዲመልስ የጠየቀው አልነበረም። ቀርቦ ቢመልስ ኖሮ ምናልባት ያው ይፈረድበት ነበር፤ እሺ። ግን ፍርዱ በአንድ ቀን፣ በሌለበት፣ በአደባባይ ተሰጠና በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል የወሎ ጦርና የሸዋ ጦር ተፋጠጠ። የዚያን ቀን የወደቀው ገበሬ ኢያሱ በምን አቅጣጫ እንደሚጸልይ አያውቅም ነበር። ኢያሱም ለዓመታት ሲሸሽ ቆይቶ በ1913 ዓ.ም. ተያዘ፤ በ1928 ዓ.ም. እስረኛ እንደሆነ ሞተ። ጉዳዩ አሁንም አልተዘጋም። በዘወልድ አገር የተገደለ ሰው ደም በሽማግሌ ይደርቃል፤ በሌለበት የተፈረደበት ሰው መዝገብ ግን ከ100 ዓመት በኋላም ክፍት ነው።

«አንተ ደግሞ! ዘፋኝና ንጉሥ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው ይኸ ነው፦ ሁለቱንም ሕዝቡ እንደ ባንዲራ ነው የሚያያቸው። እንደ ሰው ብናያቸው ኖሮ ለብቻቸው የሚሆን ነገር እንተውላቸው ነበር። ባንዲራ ግን የራሱ ሐሳብ የለውም፤ የኛ መሆን አለበት፤ የኛ ካልሆነም ይቀደዳል።

የሙዚቃውን ዓለም ተመልከቱ። አዝማሪ፣ ዘማሪ፣ መዝሙር... ሦስቱም ዘመረ ከሚለው አንድ ግሥ የወጡ ናቸው። ቋንቋው አንድ እናት የሰጣቸውን እኛ አንዱን ወደ መቅደስ፣ ሌላውን ወደ ጠጅ ቤት ለየንና በመካከላቸው ግንብ ሠራን። ግንቡ ግን ሰው ሲሞት ይፈርሳል። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው፤ ሕዝቡም በነቂስ ወጥቶ አለቀሰ። ዘፈን ኃጢአት ነው ሲል የኖረውና ያለቀሰው ሕዝብ ያው አንድ ሕዝብ ነው። እኔ በለቅሶው አልቀልድም፤ ትክክለኛው ለቅሶው ነበር። ያንን ርኅራኄ ለምን በሕይወት ላለ ሰው እንነፍጋለን ነው የምለው።

ሙሉቀን መለሠንና ሂሩት በቀለን ደግሞ አስቡ። አንዱ በልጅነቱ መድረክ ላይ ወጥቶ በዳህላክ ባንድ ዘመን አገር ያንቀጠቀጠ ድምፅ፤ አንዷ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣች፣ ትውልድ ያሳደገች ድምፅ። ሁለቱም በፕሮቴስታንት እምነት ጌታን ተቀበልን ብለው ዓለማዊ ዘፈንን ትተው መዝሙር ዘመሩ። ሂሩት በ2015 ዓ.ም.፣ ሙሉቀን በ2016 ዓ.ም. አረፉ። ለእነዚህ ሰዎች ከየአቅጣጫው ስንት ዳኛ እንደተቀመጠ ቁጠሩ። አድናቂው «ድምፃችንን ይዞብን ሄደ» ብሎ ፈረደ። ሙዚቃውን እንጂ ነፍሱን መች ገዛኸው ወንድሜ? የቀድሞ እምነታቸው ሰው «ከዱን» አለ። የተቀበላቸው ወገን ደግሞ አንዳንዱ እንደ ምርኮ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ ያው አንዳንዱ ዞሮ «ዘፈኑ ከውስጡ ወጥቶለት ይሆን?» ብሎ አንሾካሾከ። ካስተዋላችሁት ሦስቱም ዳኞች የተቆጡት በአንድ ነገር ነው፤ ሰውየው የእነሱ ንብረት ሳይሆን በመቅረቱ። ዝነኛ አማኝን በጭብጨባ መድረክ ላይ የሚያወጣው እጅና ነገ ድንጋይ የሚያነሣው እጅ የአንድ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ፈራጆቹን ብቻ ሳይሆን አጨብጫቢዎቹንም እከሳለሁ። አዲስ ያመነን ሰው፣ ዝነኛ ስለሆነ ብቻ፣ ገና ጸሎቱን ሳይለምድ ማይክ የምታስጨብጡት እናንተ ናችሁ፤ ሲደናቀፍም የምትሰብሩት እናንተ።

በሙስሊሙም ቤት ነገሩ ያው ነው። የወሎ ሸሆች ሃይማኖትን ለገበሬው ያስተማሩት በመንዙማ ነው፤ በራሱ በአማርኛ፣ በድቤና በጭብጨባ። ራያ ውስጥ የአና ስም ዛሬም በክብር የሚጠራው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። ማንበብ የማይችል እረኛ ነቢዩን የወደደው በዜማ ነው፤ እናቴ ጎረቤቷ ያሉ ሸህ ሲያዜሙ ክርስቲያን ሆና ሳለ ሥራዋን አቁማ ትሰማ ነበር። ዛሬ ከእኛ መካከል ሁለት ዓመት ያልሞላው ትምህርት ይዞ መጥቶ የእነዚያን ሽማግሌዎች ዱዓ «ቢድዓ» ብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ ወጣት አለ። መከራከር መብቱ ነው። ዑለማው ለዘመናት ሲከራከርበት ኖሯል፤ ይከራከር። ግን ሄዶ ሸሁ ፊት ይቀመጥና ይጠይቅ! ቡናውን ይጠጣ፣ «አብሽር ልጄ» ይባል፣ ከዚያ ይሟገት። ሸሁ በሌሉበት፣ ስማቸውንም ገና በትክክል መጥራት ሳይችል፣ ከእስልምና ማስወጣት ከየት የመጣ ዕውቀት ነው?

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ በዚህ ሰሞን በግቢያችን ለሚዞር አንድ ወረቀት ነው። የትኛው ጉባኤ እንደሆነ ስም አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከእኛ ቆላ የመጣች፣ በመዘምራን ውስጥ የምታገለግል ሁለተኛ ዓመት ተማሪ አለች። በባህል ምሽት የአገሯ ልጆች ሶለል ሲያሳዩ አብራ ወጣች፤ ከበሮ መታች፣ ተጫወተች። በማግሥቱ «ዓለማዊ ዘፈን ዘፍናለች፤ ከአገልግሎት ትታገድ» የሚል ጽሑፍ ተዘጋጀና ፊርማ ይሰበሰብበት ጀመር። እስከማውቀው 31 ሰው ፈርሟል። ከ31ዱ ከእሷ ጋር የተነጋገረ አንድም የለም። እሷ ነገሩን የሰማችው ካፌ ውስጥ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ ሲወራ ነው።

ለመሆኑ ሶለል ምን እንደሆነ ከፈራሚዎቹ ስንቱ ያውቃል? ሶለል የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። ዋግ ሻደይ ይለዋል፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ትግራይ አሸንዳ፣ የእኛ ቆላ ሶለል። ልጃገረዶቹ ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት የት ነው? ቤተ ክርስቲያን ደጅ! እዚያ ተሳልመው፣ ቄሱ ባርከዋቸው ነው ቤት ለቤት የሚዞሩት። 15 ቀን የጾመ ሕዝብ ስለ እመቤታችን ዕርገት ደስ የሚሰኝበት ጨዋታ ነው። የአገሯ ቄስ የባረኩትን ከበሮ፣ የዶርም ዳኛ አወገዘው። እሺ፣ እንበልና የሶለል ነገር የማያስማማ ይሁን፤ አንድ ሰው በመድረክ ላይ መታየቱ አይገባም ነበር ብሎ በቅንነት ሊያስብ ይችላል። ታዲያ ለምን ጠርቶ አልጠየቃትም? ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ጸሎት፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃ ነበር።

ምን እንደምታጣ አስቡት። ከቤቷ ርቃ ለመጣች ልጅ ጉባኤ ማለት መዝሙር ብቻ አይደለም። ሲያማት ሾርባ የሚያመጣላት፣ ፈተና ሲደርስ የድሮ ጥያቄ የሚያካፍላት፣ ከቤት ገንዘብ ሲዘገይ የሳሙና የሚያበድራት፣ ማታ ከላይብረሪ የሚሸኛት እነሱ ናቸው። ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በቆቦ ሲያልፍ የብዙ ቤት ጎተራ ባዶ ቀርቷል፤ ከዚያ አገር የመጣ ተማሪ በየወሩ የሚላክለት ሞልቶ የተረፈ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ወረቀት የምታጡት አንዲት ዘማሪ ሊሆን ይችላል፤ እሷ የምታጣው ግን ያላትን ሰው ሁሉ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ካፌ ብቻዋን ነው የምትበላው። ሰው ገዳይ እንኳ በዘወልድ ካሣውን ከፍሎ ማዕድ ይቀርባል እኮ! እሷ የምትከፍለው ካሣ ምንድን ነው? ወረቀቱ አይናገርም። እገዳው እስከ መቼ ነው? አይናገርም። ይቅርታ ብትጠይቅ ማን ይቀበላል? እሱንም አይናገርም።

«ታዲያ ስሕተት ሲሠራ ዝም እንበል? ሃይማኖት ጠባቂ አይፈልግም?» ትሉኛላችሁ። ይህን ጥያቄ አልሸሸውም። ጠባቂ ያስፈልጋል። የተሾመ ሰው፣ ሰባኪም ሆነ ሸህ ወይም ፓስተር፣ በስሙ ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ፈውስ እየሸጠ የደሃ እናት የጆሮ ጉትቻ የሚቀበል፣ ሥልጣኑን ተጠቅሞ ሴት ተማሪ የሚያስፈራራ ቢገኝ፣ ይጠየቅ። በአደባባይ ይጠየቅ፤ በፊቱ፣ በምስክር፣ በሰነድ። ሥልጣን የያዘ ሰው ለያዘው ሥልጣን መልስ መስጠት ግዴታው ነው። ዘፋኝ ግን በእኛ ላይ ምን ሥልጣን አለው? ካልወደድነው አንሰማውም፤ አለቀ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋስ በማን ላይ ተሾመች? የሚገርመው ነገር ደግሞ ይኸ ነው፦ የዘፋኟን ቀሚስ በስንዝር የለካ ሰው የጉባኤውን ገንዘብ ያዥ ደብተር ለክቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ለጉዞ የተዋጣው ገንዘብ የት እንደገባ የጠየቀ ልጅ «መንፈሱ ጥሩ አይደለም» ተብሎ ዝም እንዲል ተደርጓል። ወደ ላይ የማይወጣ ቅንዓት፣ ወደ ታች ሲሆን እንዴት ይፈጥናል!

ሌላም ሰበብ እሰማለሁ፦ «እኛ የምንፈርደው ስለምንወዳት ነው፤ እንድትመለስ ነው።» መመለስ የምትችለው መንገድ ሲኖር ነው። የራያ ሽማግሌ ሲፈርድ መጀመሪያ የሚያስበው መታረቂያውን ነው፤ ካሣው ስንት ቢሆን ቤቱ ሳይፈርስ ይከፍላል፣ ማን ቢማልድ የሟች እናት እሺ ትላለች ብሎ ነው። የኛ ፈራሚዎች መታረቂያ ሳያበጁ ፈርመው ወጡ። 31 ስም የፈረመበት ወረቀት ደግሞ የማንም ወረቀት አይደለም። «አንተ ነህ?» ስትሉት «ኧረ ሁሉም ፈርሟል» ይላችኋል። በየስልኩ የሚዞረው ቅንጭብም እንዲሁ ነው፤ ማን እንደቀረጸው አይታወቅ፣ ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል፣ መጀመሪያ ላይ ልጆቹ በዓሉ የፍልሰታ መሆኑን ያስረዱበት ክፍል የለም። እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ወረቀቱ ሐሙስ ማታ ወደ እኛ ፎቅ ይወጣል ተብሏል። እኔ አልፈርምም። የያዘው ሰው ግን እንዲሁ አይመለስም፤ በሩ ላይ አቁሜ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። አንደኛ፣ የራሱን ስም ከሁሉ በላይ «ከሳሽ» ብሎ እንዲጽፍ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱን ይዞ አብረን ወደ ሴቶቹ ሕንፃ በር እንድንወርድ፤ ልጅቱን አስጠርተን እሷ ፊት ራሱ ያንብበው። አብረውን የሚወርዱ አራት ልጆች አሉ፤ ሁለቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ መምጣት የምትፈልጉ ኑ።